ቆጣሪው ደቡብን ሲጎበኝ

ሰውየው ዕድሜ ልኩን እንጀራ የበላበት ሙያ ሰው መቁጠር ነው። ምን ያስቃል? ሁሉም ሰው ሐኪም አይሆን! የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ ሰዓት ተቆጣጣሪ ሆኖ በወጣትነቱ ተቀጠረ፤ በጡረታ እስኪሸኙት ድረስ ከዚያች በር ንቅንቅ አላለም። ማን ገባ፣ ማን ቀረ፣ ማን አረፈደ፣ ማን ለጓደኛው ፈረመለት፤ ይህ ሁሉ የእሱ ጉዳይ ነበር። ሠራተኛው ከኋላው "ቆጣሪው" ይለዋል። ፊት ለፊት ግን "ጋሼ" ነው፤ ደመወዝ የሚያስቆርጥን ሰው ማን ይደፍራል!

ቆጣሪው የራሱ ዘዴ ነበረው። የሰው ፊት አያይም። ፊት ማየት ያዘናጋል ባይ ነው። አንዷ ሌሊቱን ሙሉ ስታነባ አድራ ትመጣለች፣ አንዱ ልጁ ታሞበት አመድ መስሎ ይገባል፤ ፊታቸውን ያየ ሰው አንጀቱ ይላወስና ቁጥሩ ይበላሻል። ስለዚህ ዓይኑን ከሰው ቅንድብ በላይ ሰቅሎ፣ ሌባ ጣቱን ቀስሮ፣ ራስ ራሱን እየጠነቆለ ይቆጥራል። ሲጨርስ "ሙሉ ነው!" ብሎ ይጮኻል። በዚህ ዘዴ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። እውነቱን እንናገር ካልን ጎበዝ ቆጣሪ ነበር፤ የሚያናድደውም እሱ ነው።

ጡረታ ሲወጣ እንግዲህ የሚቆጠር ሰው አጣ። ቤት ውስጥ ያለችው ሚስቱ ብቻ ናት፤ አንድ ሰው ደግሞ ስንቴ ይቆጠራል? ወደ ዕቃው ዞረ። ማንኪያ ይቆጥራል፣ እንቁላል ይቆጥራል፣ ሚስቱ የማቀዝቀዣውን በር ስንቴ እንደከፈተች ሳይቀር ይቆጥራል። እሷ ሆስፒታል ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ሆና ዘመኗን የጨረሰች ሴት ናት። ስንቱ በለቅሶ ድምፅ "ሰው ጠፋብን፣ እናንተ ጋ መጥቶ ይሆን?" እያለ ሲደውል አንድ በአንድ የሰማች፣ ለሁሉም በእርጋታ መልስ የሰጠች ናት። ትዕግሥቷ የሚያልቅ አይመስልም ነበር። እሱ አስጨረሳት።

"አሁን የቀረህ የእኔን ትንፋሽ መቁጠር ነው" አለችው አንድ ቀን፣ ሽንኩርት እየላጠች።

"ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፋህም። ምንም። አለህ ግን የለህም።"

በሌላ ከተማ የምትኖር አንዲት ልጅ አለቻቸው። "እማዬ፣ እኔ ጋ ነይና ኑሪ፤ ክፍሉም አለ፣ ልጆቹም ይጠብቁሻል" እያለች በየሳምንቱ ትወተውታለች። ሚስትየው እስከዚያ ድረስ "አባትሽን ለማን ጥዬ!" ትል ነበር። የሽንኩርቱ ቀን ግን ሻንጣዋን ከቁም ሣጥን አናት አወረደች። ቆጣሪው ሻንጣውን ሲያይ ክው አለ። ያን ትልቅ ቤት ብቻውን አሰበው። ከበሩ ሥር ቆሞ አንድ ነገር መናገር ፈለገና ያልጠበቀው ነገር ከአፉ አመለጠ።

"ለበጋው ዕረፍት ለምን ሽርሽር አንሄድም? ወደ ደቡብ። በአውቶቡስ የሚያስጎበኙ አሉ።"

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። ደቡብ ማለት ጥንታዊው የነገሥታት ምድር ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ ሥዕሉን እያየች ያደገችው፣ ሄዳ ግን ያላየችው አገር። ጥቂት አሰበችና እንዲህ አለችው፦

"እሺ፣ እንሂድ። ግን ከአሁኑ ልንገርህ፣ በኋላ አልሰማሁም እንዳትለኝ። መንገዱን አብረኸኝ ከተጓዝክ አብሬህ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። እንደ ቤቱ ከሆንክብኝ ግን ሻንጣዬ ያው ነው፣ ወደ ልጄ ነው የምዞረው።"

"ምን ነካሽ! ከአጠገብሽ ንቅንቅ አልልም" አለ ቆጣሪው። ደግሞም ከልቡ ነበር፤ አትሙት።

አውቶቡሱ ትልቅ፣ ነጭ፣ በጎኑ ላይ ሰማያዊ ሰንበር ያለበት ነው። ሹፌሩ ዓሣ የጫነ ይመስል አየር ማቀዝቀዣውን ለቆታል፤ ውጭ ሰው በሙቀት ሲቀልጥ ውስጥ ጥርስ ያፋጫል። ሚስትየው መስኮቱ ጋ ተቀመጠች፣ እሱ አጠገቧ። ከፊታቸው አዲስ ሙሽሮች ነበሩ፤ ከኋላቸው ደግሞ መድኃኒት ቤት ያለው፣ ለሁሉም ነገር ምክር የማያጣ ወፍራም ሰውዬ። አስጎብኚዋ ገና የሃያዎቹ ልጅ ናት። ድምፅ ማጉያውን ከአፏ ለይታው አታውቅም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ድምፅዋ እንደ አሮጌ በር ይንቋረራል።

አስጎብኚዋን ከሰማናት የጥንቱ ንጉሥ ያልተኛበት ቦታ የለም። "እዚህ ክፍል ውስጥ ንጉሡ ያረፉ ነበር" ትላለች። ቀጥሎ ያለው ድንጋይ ላይም አርፈዋል። ከምንጩ ዳር፣ ከዋሻው፣ ከግንቡ ሥር፣ ሁሉም ጋ አርፈዋል። "እኚህ ሰውዬ ነቅተው የገዙት መቼ ነው?" አለ ባለ መድኃኒት ቤቱ፣ አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ። ጎብኚው ደግሞ ድንጋዩን አያየውም፤ ጀርባውን ሰጥቶት ስልኩን ወደ ራሱ ፊት ያዞራል። ስንት ዘመን ዝናብና ጦር ችሎ የቆመ ግንብ የአንድ ጎረምሳ ጆሮ ግድም ብቅ ብሎ ፎቶ ይነሳና "ቀጥሎ!" ይባላል። ከዚያ ሁሉ መንጋ መካከል ድንጋዩን በመዳፏ እየዳሰሰች የምታልፍ አንዲት ሴት ነበረች። የቆጣሪው ሚስት ናት።

ነገሩ የተበላሸው ገና የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ነው። ሰዉ ተሳፍሮ ሲያበቃ አስጎብኚዋ መተላለፊያው ላይ ቆማ ትቆጥራለች። መሐል ላይ ስትደርስ አንዱ ውኃ ጠየቃት፤ ጠፋባትና እንደገና ጀመረች። እንደገና ጠፋባት። የቆጣሪው ጣት ጉልበቱ ላይ መጠንቆል ጀመረ። ሚስቱ አየችውና እጅጌውን ያዝ አደረገችው።

"ተው፣ ተቀመጥ።"

"አንዴ ብቻ።"

"ተው ብዬሃለሁ።"

"ልጅቷ አታሳዝንሽም? አንዴ ብቻ ላሳያትና እመለሳለሁ።" ተነሳ። "ልጄ፣ እንዲህ አይቆጠርም። ዞር በይልኝ እስቲ።" ጣቱን ቀሰረ፣ ዓይኑን ሰቀለ፣ ጠነቆለ ጠነቆለና "ሙሉ ነው!" አለ። ሹፌሩ ሞተር አስነሳ፣ ሰዉ አጨበጨበ። ወይ ጉድ! አጨበጨቡለት እኮ። ፋብሪካው ውስጥ ያን ያህል ዘመን ሲቆጥር ያላገኘውን ጭብጨባ እዚህ በአንድ አፍታ አገኘው። ከዚያ በኋላማ ማን ይመልሰው! በሚቀጥለው ማረፊያ ከሹፌሩ ጎን ያለችውን ታጣፊ ወንበር ወረሰ። አስጎብኚዋም እፎይ ብላ "ጋሼ፣ እርስዎን እግዜር ነው የላከልኝ" አለችው። ሰዉ ስሙን ሳይጠይቀው "ቆጣሪው" አለው። ስሙ ተከትሎት መጣ ማለት ነው፤ ደስታውን አልቻለውም።

እንግዲህ ጉብኝቱ እንዲህ ሆነ። ሰው ሲወርድ በሩ ላይ ቆሞ ይቆጥራል፤ ሰው ሲጎበኝ ማንም እንዳይቀላቀል አውቶቡሱን ይጠብቃል፤ ሰው ሲመለስ ይቆጥራል። ደቡብን ያወቀው በመኪና ማቆሚያዎቹ ነው። የትኛው ጥላ እንዳለው፣ የትኛው ጠጠር እንደሆነ ብትጠይቁት ይነግራችኋል።

ሚስቱ ከየቦታው ብቻዋን ትመለሳለች። አንድ ቀን፣ ጥንታዊውን የድንጋይ መታጠቢያ አይታ ስትመጣ ፊቷ በርቶ ነበር።

"ብታየው! ውኃው እስካሁን ጥርት እንዳለ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ ፊቴ ቁልጭ ብሎ..."

"ከኋላሽ ስንት ሰው ቀረ?" አላት።

ሚስትየው ዓረፍተ ነገሯን አልጨረሰችም። አውቶቡሱ ላይ ወጥታ መስኮቷ ጋ ተቀመጠች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቅዝቃዜው ሲበረታ ሙሽራው ጃኬቱን አውልቆ እንቅልፍ የጣላትን ሙሽሪት አለበሳት፤ ከአንገቷ ሥርም ሸጎጥ ሸጎጥ አደረገላት። ቆጣሪው ከታጣፊ ወንበሩ ላይ ዞር ሲል ሚስቱ እነሱን ስትመለከት አየ። ረዘም አድርጋ ነው ያየቻቸው። ከዚያ ፊቷን ወደ ውጭ መለሰች። ምንም ይሁን ምን ሰውየው ድንጋይ አይደለምና አንድ ነገር ልቡን ቆነጠጠው። ማታ እራት ላይ ተለሳልሶ ቀረባት።

"ነገ አብረን ነው የምንወርደው።"

"እውነትህን ነው?"

"ከሞትኩ በቀር።"

"እንግዲያው ነገ ግንቡን ነው የምናየው" አለች። "ከመጽሐፉ ላይ የማውቀውን። እዚያ እንኳ አብረኸኝ ውጣ። ሌላ ምንም አልልህም።"

በማግስቱ ኮረብታው ሥር ደረሱ። ግንቡ ከላይ፣ ሰማዩን ተደግፎ ቆሟል። ቆጣሪው እንደ ቃሉ ከሚስቱ ጋር ወረደ፤ እጇንም ያዘ። የእሷ ስልክ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ጠዋት "እንዳይጠፋብሽ" ብሎ ተቀብሏታል። ወደ ደረጃው ጥቂት እንደተራመዱ ከኋላቸው የሞተር ድምፅ ሰማ፤ ዞር ብሎ አየ። ሌላ አውቶቡስ! ያው ነጭ፣ ያው ሰማያዊ ሰንበር፣ የዚያው ድርጅት ንብረት፤ ከእነሱ አጠገብ ጎን ለጎን ቆመ። በሩ ተከፈተና ሰው ፈሰሰ።

"ጉድ ፈላ!" አለ። "እነዚህ ሰዎች ሊደባለቁብን ነው። አንዴ ደርሼ ልምጣ።"

ሚስቱ እጇን ከእጁ አወጣች። አልተቆጣችም፣ አልለመነችም። "ሂድ" ብላ ደረጃውን ጀመረች። አንድ ጊዜ ተጣርታ ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናገር እኔው አፍራለሁ። ቆጣሪው በሁለቱ አውቶቡሶች መካከል እጁን ዘርግቶ ትራፊክ ሆነ። "የእኛ በዚህ! የእነሱ በዚያ!" እያለ ሲያመናጭቅ የማያውቁት ሰዎች ሳይቀሩ ተሰለፉለት። ሰዉ ከግንቡ መመለስ ሲጀምር ለእያንዳንዱ መንገድ ጠቆመ። አንዲት ሴት ፀሐይ አናቷን በልቷት፣ ሻርፕ ተከናንባ፣ በዳበሳ ስትመጣ "በዚህ፣ በዚህ!" ብሎ በራሱ እጅ ደግፎ አሳፈራት። ፊቷን አላየም። ፊት ማየት ያዘናጋላ! ሴትየዋ ከሌላው አውቶቡስ ነበረች። እሷንም እንቅልፍና ራስ ምታት አደንዝዟት የት እንደምትገባ አላስተዋለችም፤ የራሷ መቀመጫ በሚመስላት ቦታ፣ መስኮቱ ጋ፣ ሻርፑን በፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ድርግም አለች። መቀመጫው የቆጣሪው ሚስት ነበር።

ቆጣሪው ገባ፤ ጣቱን ቀሰረ። ጠነቆለ ጠነቆለ። አንድም አልጎደለም፣ አንድም አልተረፈም።

"ሙሉ ነው!"

አውቶቡሱ ተነሳ።

ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ነው ትናንት ማታ የማለው ትዝ ያለው። ከታጣፊ ወንበሩ ተነሳና አንገቱን ደፍቶ ወደ ሚስቱ መቀመጫ ሄደ። ተኝታለች። "አኩርፋ ነው" አለ በሆዱ። አየር ማቀዝቀዣው ይነፍሳል። ቆም ብሎ አሰበና ጃኬቱን አወለቀ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ እንዳይቀሰቅሳት እየሰጋ አለበሳት፤ እንደ ሙሽራውም ከአንገቷ ሥር ሸጎጥ አደረገላት። ከጎኗ ተቀመጠ። እሱ ራሱ ያላወቀው ሙቀት በደረቱ ተሰማው፤ አፉም በራሱ ጊዜ ተከፈተ።

"አታኩርፊኝ" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሞኝነት ነው የሠራሁት። ያ ቤት ያለ አንቺ ያስፈራኛል። ማታ ማታ የማልተኛው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሻንጣሽ ቦታው ላይ መኖሩን ለማየት እየተነሳሁ ነው። ንግግር አላውቅበትም እንጂ፣ አንቺን የመሰለ ሰው የለኝም።"

እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ሲወጣ ይኸው የመጀመሪያው ነበር። ሙሽሪት ከፊት ሰምታ ዓይኗ እንባ ሞላ። በዚህ መሐል አውቶቡሱ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ዘለለ፤ ሴትየዋ ብንን ብላ ሻርፑን ገለጠች።

"አንተ ማነህ?"

"አንቺስ ማነሽ?" አለ ቆጣሪው።

ሴትየዋ ጩኸቷን ለቀቀችው። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ፣ ድምፅ ማጉያው ከአስጎብኚዋ እጅ ወደቀ። "የሰው አውቶቡስ ውስጥ ናት!" "ኧረ ሚስቱ የት አለች?" "እሱ አይደል እንዴ ሙሉ ነው ያለው?" ሁሉም በአንድ አፍ ይንጫጫል። ቆጣሪው ቆሞ የሰውን ፊት ማየት ጀመረ፤ ከፊት እስከ ኋላ፣ ከኋላ እስከ ፊት። ሚስቱ የለችም። ሰማይ ተደፋበት።

መንገዱ ጠባብ ነው፤ በአንድ በኩል ገደል፣ በአንድ በኩል ቋጥኝ። መዞር አይሞከርም። በዚያ ሸለቆ ስልክ የሚባል ነገር አይሠራም፤ ቢሠራም የእሷ ስልክ እሱ ኪስ ውስጥ ነው። ሹፌሩ "ከታች ከተማው ደርሰን ነው የምናሳውቀው" አለና ነዳ። ቆጣሪው መቀመጥ አልቻለም። መተላለፊያው ላይ ቆሞ የኋላውን መስታወት እያየ ወረደ። አንጀቱ ተላወሰ፤ ያን ሁሉ ዘመን ሲሸሸው የኖረው ነገር መጣበት።

ከታች ያለችው ጥንታዊት ከተማ ሐይቅ ዳር ናት። በቅጥሯ መግቢያ ላይ የጎብኚዎች ጥበቃ ቢሮ አለ፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የመገናኛ ሬዲዮ፣ አንድ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠ ጥበቃ። ቆጣሪው እያለከለከ ገባ፤ ግማሹ አውቶቡስ ተከትሎት በሩን ዘጋ።

"ሚስቴ ግንቡ ጋ ቀርታለች!"

"ይረጋጉ ጋሼ፣ ላይ ላሉት ልጆች አሁን እነግራቸዋለሁ" አለ ጥበቃው፣ ሬዲዮውን እያነሳ። "ምን ለብሰዋል?"

"ልብስ።"

"ምን ዓይነት ልብስ?"

"የበጋ።"

"ቀለሙ?"

ጠዋት አብረው ነው የወጡት። ቁርስ ላይ ፊት ለፊቱ ነበረች፣ እጇንም ይዟል። ራሱን ጨምቆ ጨምቆ ቀለም የሚባል ነገር ጠብ አልል አለው።

"አረንጓዴ ቀሚስ" አለች ሙሽሪት ከኋላ በቀስታ። "በትከሻቸው ላይ ደግሞ ነጭ ስስ ሹራብ ጣል አድርገዋል።"

"በክር አንገታቸው ላይ የሚንጠለጠል መነጽር አላቸው" አለች አስጎብኚዋ።

"መነጽር ታደርጋለች እንዴ?" አለ ቆጣሪው።

ጥበቃው ሬዲዮውን ከአፉ አራቀና አየው። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ስንት ዓመት ሆናችሁ ከተጋባችሁ?"

"ሠላሳ አራት!" አለ፤ ቁጥሩ ከአፉ ቀድሞት ወጣ። ከዚያ የተናገረውን ራሱ ሰማው። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልሳቀም። ቢስቁለት ምን ነበረበት! እፍረት ከእግሩ እስከ ራሱ አከናነበው፤ ጎንበስ ብሎ ወጣ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከሬዲዮው ወሬ መጣ። ላይ የቀረው ሁለተኛው አውቶቡስ አንዲት ተሳፋሪ ጎድላበት ሲፈልግ የቆጣሪውን ሚስት ከደረጃው ሥር ካለው በር ላይ ቆማ አግኝቷታል፤ ነገሩ ሲገባቸው ይዘዋት እየወረዱ ነው። ሰዉ "ተመስገን!" ብሎ ተነፈሰ። ባለ መድኃኒት ቤቱ ቆጣሪውን ክንዱን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደው።

"ስማኝ ወንድሜ። ወዲያው ነቃሁ ነው የምትላት። አውቶቡሱ እንደተነሳ ነቃሁ፣ ጮኽኩ፣ መንገዱ አላዞር አለን። አለቀ። እኛም ምስክር እንሆናለን። እናንተስ?"

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሹፌሩ ሳይቀር። ደግ ሰዎች ናቸው። ለሰው ትዳር ሲሉ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ሊዋሹ ተዘጋጁ።

አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። ቆጣሪው በሩ ሥር ሄዶ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን አየ። ሚስቱ ከአንዲት ሴት ጋር እየተሳሳቀች ወረደች፤ ያች ሴት የባለ ሻርፗ ሴትዮ እህት ናት። ሚስቱ አረንጓዴ ቀሚስ ነው የለበሰችው። እውነትም መነጽር አላት።

"የት ነበርሽ?" አላት።

"እኔማ የት እሆናለሁ? የተውከኝ ቦታ።"

"ነፍሴን አወጣሽው እኮ!"

"ስትሄድ አየሁህ" አለችው። "ከደረጃው ሥር በሩ ጋ ደርሼ ነበር። በመስታወቱ ቆመህ ጣትህን ስትቀስር ይታየኛል። ልጣራ አፌን ከፈትኩና ተውኩት።"

"ለምን? ለምን አትጣሪም?"

"እስቲ ልየው ብዬ ነዋ። አሁን ይዞራል፣ አሁን ይዞራል እያልኩ አውቶቡሱ የመንገዱ መታጠፊያ ጋ ደረሰ።" መነጽሯን አደረገችና አተኩራ አየችው። "መቼ ነው የነቃኸው?"

ባለ መድኃኒት ቤቱ ጉሮሮውን ጠራረገ። "እትዬ፣ አውቶቡሱ ገና ንቅንቅ ከማለቱ..."

"እርስዎን አልጠየቅኩም ወንድሜ።"

"ወዲያው..." አለ ቆጣሪው። ዓይኗ እዚያው ነው፤ የሚሸሽበት ቅንድብ አልነበረም። "አልነቃሁም" አለ። "ሴትየዋ እስክትጮህ ድረስ አልነቃሁም። አንቺ መስላኝ አጠገቧ ተቀምጬ ሳወራት ነበር።"

ባለ ሻርፗ ሴትዮ ይህን ጊዜ ጃኬቱን አጣጥፋ ይዛ መጣች። "እህቴ፣ ይኸው የባለቤትዎ ጃኬት" አለቻት። "በእንቅልፍ ልቤ ነው ያለበሱኝ። ሕልም መስሎኝ ዝም አልኩ እንጂ እሰማቸው ነበር። ያለ አንቺ ቤቱ ያስፈራኛል፣ ማታ ማታ ሻንጣሽን እየተነሳሁ አያለሁ፣ አንቺን የመሰለ ሰው የለኝም አሉኝ። እኔን አይደለም እርስዎን ነው፤ ብይዘው ኃጢአት ይሆንብኛል ብዬ ነው።"

ሚስትየው መሳቅ ጀመረች። ሳቀች ሳቀችና መነጽሯን ማውለቅ እስኪያስፈልጋት ድረስ ሳቀች። ሰዉም "ይኸው ታረቁ!" ብሎ አብሯት ሳቀ። ቆጣሪው ብቻ አልሳቀም፤ ሳቋ የቱ ጋ ለቅሶ እንደሆነ አጠገቧ ስለነበር አየ።

"ለአንቺ ብዬ ነው እኮ ያወራሁት" አላት።

"አውቃለሁ" አለች እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች። "ለእኔ ብለህ እንደሆነ አጥቼው መሰለህ? አንጀቴን ቅጥል ያደረገው እሱ ነው። በስንት ዘመኔ አንዴ ደግ ቃል ብትናገረኝ፣ አልነበርኩም።"

ጃኬቱን ተቀበለቻትና ክንዱ ላይ አንጠለጠለችለት። ከዚያ ስልኳን ጠየቀችው፤ ሰጣት። የመጣችበት አውቶቡስ ሲመለስ በልጃቸው ከተማ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ከኋላም ባዶ ወንበር አለው፤ ከሹፌሩ ጋር ተነጋግራ ጨርሳለች። ሻንጣዋንም እንዲያወርድላት ባሏን ጠየቀችው። ቆጣሪው ከዕቃ ማስቀመጫው አወረደው። እጀታውን ግን አልለቀቀም።

"ሁለተኛ አልቆጥርም። ሰውም ዕቃም አልቆጥርም። ልማልልሽ?"

"እኔ አትቁጠር መች አልኩህ?" አለችው በለሆሳስ። "ብትፈልግ ቁጠር። እየኝ ብቻ ነው ያልኩህ።"

እንግዲህ አያት። ሐይቁ ዳር፣ በቀትር ፀሐይ፣ ግማሽ አውቶቡስ ሰው በዚህ፣ ግማሽ አውቶቡስ ሰው በዚያ ቆሞ እያየው፣ ሚስቱን አያት። አረንጓዴው ቀሚስ አንገቱ ላይ በእጅ የተጠለፈ ነው። ከዓይኗ ሥር የሚያውቃት ትንሽ ጥቁር ነጥብ እዚያው አለች፤ በዙሪያዋ ግን የማያውቃቸው ብዙ መስመሮች ወጥተዋል። ፀጉሯ ከግንባሯ ጀምሮ እስከ ማጅራቷ ነጭ ሆኗል፤ ጥቁር የቀረው ከጆሮዋ ኋላ ያለው ብቻ ነው።

"መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?" አላት።

"አጠገብህ ሆኜ ነዋ" አለች። ሻንጣዋን ከእጁ ወስዳ ወደ ልጇ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ወጣች።